መልስ ያላገኘው ደብዳቤ

መስከረም 20

ለእህቴ ልጅ፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ ዳኛዬ ለምልሽ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ፈጣሪ ለአንቺም ለእናትሽም ጤናውንና ሰላሙን አያጓድልባችሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ቢሆን የሚያመኝ ደረጃ ሲያይ ብቻ ነው። የናፈቀኝ ነገር ቢኖር የእናንተ ድምፅ ነው።

የላክሽልኝ ፎቶግራፍ ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ፊቱን ተነስቶ ይልክ ነበር፤ አንቺ በር አንስተሽ ላክሽ። ግን በሩ ላይ ስምሽ አለ፤ ከሥሩም «የሕግ ማርቀቅ ባለሙያ» ይላል። መነጽሬን አድርጌ አየሁት፣ አውልቄ አየሁት፣ ደግሜ አድርጌ አየሁት። አከራዬ ምን ዓይነት ሥራ ነው ብትለኝ «ልጄ ሕግ ትጽፋለች፤ ሌሎቹ ይጨቃጨቁበታል» አልኳት። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋትም።

አንድ ነገር ልናዘዝ። እዚህ በሰው አገር ባለው ኤምባሲያችን የወታደራዊ አታሼውን መኪና መንዳት ከጀመርኩ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አታሼ ሆነው የተሾሙ አራት የጦር መኮንኖች አመላልሻለሁ። ከኋላዬ ስንት ጉድ ተወርቷል መሰለሽ፤ አንዱም ከመኪናው አብሮኝ ወርዶ አያውቅም። ስለ ራሴም ቢሆን አላወራም። ባለፈው ሰኞ ግን አቃተኝ። የአሁኑ ኮሎኔል ገና በሩን ሳይዘጉ ፎቶውን አውጥቼ አሳየኋቸው። «የእህቴ ልጅ ናት፤ ምክር ቤት ውስጥ ሕግ ታረቅቃለች» አልኳቸው። ረዘም አድርገው አዩትና «ጎበዝ ናት» አሉ። ቀኑን ሙሉ ደረቴ ተነፍቶ ዋለ።

እዚህ ወሬው ሁሉ ስለ አዲሱ አዋጅ ነው። ሁለቱ አገሮች በመከላከያና በዲፕሎማሲ ያላቸውን ትብብር በደንብ የሚያስር ሕግ ሊወጣ ነው ይባላል። ቢሮው ይሰፋል፣ ሁለተኛ መኪና ይመጣል እየተባለ ነው። ለጡረታ ሦስት ዓመት ስለቀረኝ እነሱን እዚሁ ጨርሼ በሙሉ መብቴ ልወጣ አስቤያለሁ። ከእኔ በታች ያለው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተለቋል፤ የሁለት ዓመት ውል ፈርሜ ልይዘው ነው። እናትሽ ልትጠይቀኝ ብትመጣ የራሷ ክፍል ይኖራታል።

መነጽር ማድረግ ስለማትወድ ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለሽ አንብቢላት። ድምፅሽን ዝቅ ካደረግሽ የዘለልሽው ነገር አለ ብላ ሌሊቱን ሙሉ ታስብበታለች።

አጎትሽ


ጥቅምት 3

ለውድ አጎቴ፤

የሚነዱበት መንገድ ሁሉ የቀና ይሁንልዎ፤ ለጉልበትዎም ደረጃ የሌለበት ሰፈር ያድልልኝ። እኛ ደህና ነን። እናቴ ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አስነብባኛለች። ሁለተኛውን «በደንብ አልሰማሁም» ብላ ነው፤ ሦስተኛውን ግን ምክንያትም አላቀረበችም።

ስለ በሩ ያሉኝን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ አመሰግናለሁ። መጀመሪያ የተማርኩት ፊደል ከመኪና ሰሌዳ ላይ ያስነበቡኝ ፊደል እንደሆነ አልረሳሁም። የበሩ ጽሑፍ ከዚያ ነው የመጣው።

ሥራ ደህና ነው። ክፍላችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ስድስት ጠረጴዛና አንድ መስኮት አለን፤ መስኮቱ የአለቃዬ ነው። ረቂቅ ሕግ በቀይ አቃፊ ይመጣል፤ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል፤ ያየ ሰው ሁሉ በየገጹ ግርጌ ይፈርማል። ስለያዝኩት ረቂቅ ለውጭ ሰው መናገር አይፈቀድልኝም፤ ስለዚህ ስለ ወንበሬ ልንገርዎ። አንድ እግሩ ያጥራል። የተሻረ አዋጅ አጥፌ ከሥሩ አድርጌለታለሁ፤ አሁን ቀጥ ብሏል።

ስለ ቤቱ ግን፣ ውሉ የግድ የሁለት ዓመት መሆን አለበት? በየወሩ የሚታደስ አይገኝም? እንዲሁ ነው የጠየቅኩዎት።

እናቴ ጉልበትዎን በሞቀ ጨርቅ ይያዙት ብላለች።

የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 21

ለክብርት የእህቴ ልጅ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ በአስቸኳይ ጉዳይ ነው።

በመከላከያና በዲፕሎማሲ ትብብር ረቂቅ አዋጅ ውስጥ በቋሚ ኮሚቴው አማካይነት አንቀጽ ዘጠኝ መጨመሩን ተረድተናል። በአንቀጹ መሠረት የወታደራዊ አታሼ ቢሮዎች ይዘጋሉ፤ ሥራቸውም ለሁለቱ አገሮች የጋራ ኮሚሽን ይተላለፋል፤ የቢሮዎቹ ሠራተኞች በስድሳ ቀን ውስጥ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ይህ ቢሮ ለሁለቱ አገሮች ግንኙነት ያበረከተው አስተዋጽኦ ከፍተኛ መሆኑ ይታወቃል። ስለሆነም «ይዘጋሉ» የሚለው «ተጠናክረው ይቀጥላሉ» በሚል እንዲተካ በሥራ ድርሻሽ በኩል የሚቻለውን እንድታደርጊ ይጠበቃል።

ይህ የማይቻል ከሆነ አንቀጹ ለድምፅ የሚቀርብበትን ቀን እና በአንቀጹ ላይ ቅሬታ ያላቸውን የኮሚቴ አባላት ማንነት ማወቁ ጠቃሚ ነው። የአጎትሽ መተዳደሪያ በዚሁ ላይ የተመሠረተ መሆኑን አትዘነጊውም።

መልሱን በኤምባሲው የፖስታ ከረጢት እንድትልኪ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አጎትሽ


ኅዳር 14

ዳኛዬ፤

እንደምን አለሽ? ጤና ብቻ ይስጥሽ፤ ሌላው ይደርሳል። ይህን ደብዳቤ ቴምብሩን ራሴ ገዝቼ፣ ራሴ ልሼ፣ መንገድ ዳር ካለው የፖስታ ሣጥን ውስጥ ራሴ ከትቼ ነው የላክሁት። በከረጢቱ አይደለም።

ከአንቺ ደብዳቤ ካገኘሁ ወር አለፈው። ኮሎኔሉ በየጠዋቱ «መጣ?» ይሉኛል፤ እኔም በመስታወቱ እያየኋቸው «አልመጣም» እላለሁ። ከዚያ ሞተሩን አስነሳለሁ።

ሥራ በዝቶብሽ ከሆነ ይብዛልሽ። ከእኔ በኩል የሚያቻኩል ነገር የለም። የታችኛውን ቤት ትቼዋለሁ፤ መለከት የሚነፋ ሰው ገብቶበታል፤ አሁን ከጎረቤቱ ሌላ ቤት ለመፈለግ ምክንያት የሚያጣ የለም። ለእናትሽ ሰላም በይልኝ። ከጤናሽ በቀር የምጠይቅሽ የለኝም።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 4

ለውድ አጎቴ፤

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ ሰውነትዎ ደህና፣ ልብዎ የቀና ሆኖ ያግኝዎ። እኔ በአካል ደህና ነኝ። ስለ ሌላው ልንገርዎ። ይህን ደብዳቤ ለእናቴ ጮክ ብዬ አላነበብኩላትም።

አዋጁ ባለፈው ሳምንት በድምፅ ጸድቆ በሕግ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል፤ ስለዚህ አሁን መናገር እችላለሁ። አንቀጽ ዘጠኝ እንደነበረ አልፏል። ቢሮው ይዘጋል። ረቂቁ ከመጋቢት ጀምሮ የነበረው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው።

እኛ ዘንድ አንድ ረቂቅ ስንረከብ የዝምድና መግለጫ የሚባል ቅጽ እንሞላለን። ሕጉ የሚነካው ዘመድ አለህ ወይ ይላል። መጋቢት ላይ ረቂቁ ስለ ጋራ ልምምድና ስለ መሣሪያ ጥገና ብቻ ነበር፤ «የለኝም» ብዬ ፈረምኩ፤ እውነትም አልነበረኝም። አንቀጽ ዘጠኝ የተጨመረው ነሐሴ ላይ ነው። ረቂቅ ሲያድግ ቅጹን መልሶ የሚያወጣ ሰው የለም፤ አንዴ ተሞልቶ ይቀመጣል። ያን ቀን ተነስቼ «አጎቴ እዚያ ሾፌር ናቸው» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ብናገር ረቂቁን ይወስዱብኛል። ባልናገር ቢያንስ አጠገቡ እሆናለሁ ብዬ ነው።

ይባስ ብዬ አንዲት መስመር ጻፍኩ። «የቢሮዎቹ ሾፌሮች በሌሎች ኤምባሲዎች ይመደባሉ» የምትል ንዑስ አንቀጽ፣ በእርሳስ፣ በገጹ ጠርዝ ላይ። ማንም አያስተውላትም ነበር፤ ብትነበብም ደግ ሐሳብ ነው ተብላ ታልፋለች። ሁለት ቀን አቆየኋትና አጠፋኋት። የኪራዩን ጥያቄ የጻፍኩልዎ በዚያው ሳምንት ነው። እንዲሁ ነው የጠየቅኩዎት ያልኩት ውሸት ነበር።

ከዚያ የጥቅምት 21ዱ ደብዳቤዎ መጣ። ደረጃው ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። እጅ ጽሑፉ የእርስዎ ነው፤ ግን «ክብርት» ይለኛል። እዚያው ተቀመጥኩ። ሰው «አሞሽ ነው?» እያለ ያልፋል። ብመልስልዎ ሕግ አፈርሳለሁ፤ ብደብቀው ደግሞ ያ ደብዳቤ ቦርሳዬ ውስጥ እያለ አቃፊው ላይ መፈረም አልችልም። ስድስት ቀን ያዝኩት። በሰባተኛው አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት፤ ስለ ቅጹም፣ ስለ እርሳሱም፣ ስለ ኪራዩም ነገርኳቸው። አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህን ነሐሴ ላይ ብትነግሪኝ አንድ ወረቀት ነበር፤ አሁን መዝገብ ሆነ» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር።

አሁን ምድር ቤት ነኝ፤ የቆዩ አዋጆች ማውጫ እየሠራሁ። በእኔ ላይም በእርስዎ ቢሮ ላይም ምርመራ ተከፍቷል፤ ሰዎች መጥተው ያነጋግሩዎታል። ያስነሳሁብዎ እኔ ነኝ። እናቴ ጉዳዩን የሰማችው ከሥራ ባልደረባዬ ነው። «በትከሻው እሽኮኮ ብሎ ትምህርት ቤት ያደረሰሽን ወንድሜን አሳልፈሽ ሰጠሽው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ «ራት ቀርቧል» ከማለት በቀር አታናግረኝም። ልክ ናት ማለት አልፈልግም፤ ተሳስታለች ማለትም አልቻልኩም።

ብዙ አድርገውልኛል፤ ለዚያ ሁሉ ምስጋናዬ ይህ ሆነ። ይቅር ይበሉኝ።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 23

ልጄ፣ ዳኛዬ፤

ፈጣሪ የልብሽን ሰላም ጨርሶ ይመልስልሽ። እኔ ደህና ነኝ ስልሽ ደግሞ ለወጉ አይደለም፤ ከጥቅምት ወዲህ እንደ ዛሬ ደህና ሆኜ አላውቅም።

«ይቅር ይበሉኝ» ያልሽውን አልቀበልም፤ ይኸው መልሼልሻለሁ። በእሱ ፈንታ ምስጋናዬን ተቀበይኝ።

ያ ደብዳቤ እንዴት እንደተጻፈ ልንገርሽ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ኮሎኔሉ ቢሮ ጠሩኝና ወንበር ሳቡልኝ። በአስራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እዚያ ቢሮ ወንበር የሳበልኝ ሰው የለም፤ ነገሩ ያላማረኝ ያኔ ነው። ብርቱካን እየላጡ ቃል በቃል ነገሩኝ፤ እኔ ጻፍኩ። «ክብርት» የምትለዋን ግን እኔ ነኝ የጨመርኳት። እሷን አይታ አንድ ነገር እንዳለ ይገባታል ብዬ ነው። ቀልድም አላስገባሁበት፤ ይህ ሰው አጎቴ አይደለም እንድትዪ። እንዲህ ብዬ ራሴን ላጽናና እንጂ ፈርሜያለሁ። እምቢታው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሦስቱ ዓመት ትዝ አለኝና ዋጥኩት። ያሳፍረኛል። ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ከረጢቱ ሲከፈት በሩ ላይ እቆም ነበር። እንዳይመጣ እየለመንኩ ነው የምቆመው። «እሺ አጎቴ፣ አደርገዋለሁ» የሚል ወረቀት ቢወጣ በምን ዓይኔ አይሽ ነበር? አንቺን ያበላሸሁ ሰው ሆኜ ጡረታ ብወጣ ምን ይጠቅመኛል? አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ፣ ከረጢቱ ባዶ ነው። በሦስተኛው ሳምንት መኪናዬን እያጠብኩ ሳፏጭ ዘበኛው ሰማኝ። «ምን ተገኘ?» ቢለኝ «ምንም አልመጣልኝም» አልኩት። አበደ ብሎ ሳይሆን አይቀርም።

የኪራዩ ጥያቄሽ በዚያው ቀን ገብቶኛል። ሾፌር ነኝ፤ ሰው ምን ሊናገር ፈልጎ እንደተወው አውቃለሁ። ቤቱን ተውኩ፣ አፌንም ዘጋሁ። ለሱም አመሰግናለሁ፤ ባትጽፊው ይሻል ነበር፣ ብትጽፊውም ለመለከተኛው ጠቀመው።

ሁለት ሰዎች መጥተው አነጋግረውኛል። ጨዋ ሰዎች ናቸው። የጠየቁኝን መለስኩ። ኮሎኔሉ ቀድመው ተጠርተው ሄደዋል። ወደ ሌላ ኤምባሲ ያዛውሩኛል ተብሎ ነበር፤ ቀርቷል። ጡረታዬ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም፤ እኔም ብሆን ትንሽ መብላት ለምጃለሁ። በዚህ እንዳትጨነቂ።

የመኪናውን ቁልፍ ትናንት አስረከብኩ። የተረከበኝ ልጅ «ምን ጉድለት አለባት?» አለኝ። «የኋላው ወንበር ብዙ ያወራል» አልኩት። አከራዬ ሹራብ ሠርታ ሰጥታኛለች፤ እጅጌው ይረዝማል፤ ለብሼው ነው የምጽፍልሽ። ይህች አገር አስራ ዘጠኝ ዓመት አኖረችኝ፤ አንድ ቀን እንኳ ክፉ አልተናገረችኝም። ሁለቱ አገሮች በኮሚሽን ቢገናኙም በአታሼ ቢገናኙም ብቻ ተዋደው ይኑሩ፤ ከሁለቱም በልቻለሁ።

እናትሽን አትውቀሻት፤ ለእኔ አዝና ነው። ጥር 25 ሐሙስ ከሰዓት እገባለሁ። የምተኛበት ካለ ጥሩ፤ ከሌለም ካንቺ ጠረጴዛ አጠገብ ምድር ቤት ተቀምጬ ወረቀት አቀብልሻለሁ።

አጎትሽ


ጥር 11

ለውድ አጎቴ፤

በሰላም ተነስተው በሰላም ይግቡልኝ። እኛ ደህና ነን፤ የፊት ለፊቱን ክፍል ቀለም ቀብተን እስኪደርቅ እየጠበቅን ነው።

ምርመራው ተዘግቷል። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ከሥራ አልተባረርኩም። ከመጪው ወር ጀምሮ አራተኛ ፎቅ እመለሳለሁ። አለቃዬ የዝምድናው ቅጽ ከእንግዲህ በረቂቁ ላይ አንቀጽ በተጨመረ ቁጥር እንዲሞላ አዘዋል። ባልደረቦቼ ቅጹን በእኔ ስም እየጠሩት ነው፤ በሞሉት ቁጥር ይረግሙኝ እንጂ መቼም አይመርቁኝም።

የተዘጋ መዝገብ ሁሉ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል፤ ወደ ማውጫው ማስገባት ደግሞ የእኔ ሥራ ነው። ማክሰኞ ዕለት የእርስዎ ቃል ያለበት መዝገብ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። «የጠየቁኝን መለስኩ» ብለው ብቻ ነው የጻፉልኝ። ምን እንደመለሱ አነበብኩ።

መርማሪዎቹ ኮሎኔሉ የእኔን ሥራ ከማን እንዳወቁ ሲጠይቁዎ «ከእኔ አፍ ነው የወጣው፤ ፎቶ አሳየኋቸው» ብለዋል። ተገደው ጽፈው እንደሆነ ሲጠይቁዎ «ሐሳቡ የኮሎኔሉ ነው፤ እጁ የእኔ ነው። እምቢ ማለት እችል ነበር» ብለዋል። ተገድጄ ነው ቢሉ መዝገብዎ ንጹሕ ሆኖ ዝውውሩን ያገኙ ነበር። መርማሪው ይህን እንደነገረዎት ከጎን ጽፏል። «ሾፌሩ ቃላቸውን እንዲያስተካክሉ ዕድል ተሰጥቷቸው አልፈለጉም» ይላል። ስለ ኪራዩ ጥያቄ ደግሞ «እሷ ራሷ ተናግራለች ስላላችሁኝ ነው የምመልስላችሁ፤ እሷ ባትናገረው ከእኔ አይወጣም ነበር» ብለዋቸዋል።

መዝገቡን በቆዩት አዋጆች መካከል ተቀምጬ አነበብኩት። እኔ ደብዳቤዎን አሳልፌ የሰጠሁ ቀን በእርስዎ የጨከንኩ መስሎኝ ነበር። ለካ እርስዎም እዚያ ተቀምጠው ያንኑ በራስዎ ላይ እያደረጉ ነበር። አለቀስኩ፤ አጎቴ፣ ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስኩት።

ከመዝገብ ላይ ገልብጦ ማውጣት አይፈቀድም። አለቃዬን አስፈቀድኩ። «ለማን ነው?» አሉኝ፤ «ለእናቴ» አልኳቸው፤ ፈረሙልኝ። ትናንት ራት ላይ ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ስደርስ መነጽሯን አደረገች፤ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ራሷ አነበበችው። እንዲህ ይላል፦

«ጥያቄ፦ የእህትዎ ልጅ ደብዳቤዎን ለመሥሪያ ቤቷ አሳልፋ በመስጠቷ ቅሬታ አለዎት?

መልስ፦ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እሱን ጻፉልኝ።»

ሐሙስ እናቴና እኔ አውሮፕላን ማረፊያው እንጠብቅዎታለን።

ልጅዎ